ዐይን መንገዱ ላይ፣ ልብ ስልኩ ላይ

«ስልኩን ከእጃችሁ አውርዱ፤ በብሉቱዝ አውሩ፤ ያኔ አደጋ የለም።» ይህን ያነበብኩት ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለነጻ ትምህርት ዕድል በጻፈችው ድርሰት ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ እየነዱ በስልክ መዘናጋት ስለሚያደርሰው ጉዳት ተማሪዎችን የሚያስጽፉና ለአሸናፊዎች የኮሌጅ ወጪ የሚደጉሙ ውድድሮች አሉ። ዓላማቸው መልካም ነው። ልጅቷም የጻፈችው ከትልልቆች የሰማችውን ነው። የሰማችው ግን ስሕተት ነው፤ ይህ ስሕተት ደግሞ ሰው ይገድላል።

እየነዱ መልእክት መጻፍ አደገኛ መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። አራት ሰከንድ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሰው 100 ሜትር በጭፍን ነድቷል ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ ቀና ብሎ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ የሚያወራው ሾፌር።

ዐይን ብርሃን ይቀበላል፤ ያየነው ምን እንደሆነ የሚለየው አእምሮ ነው። አእምሮ ደግሞ የመጣለትን ሁሉ እኩል አያስተናግድም። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ድልድይ አስቡ፤ ወሬው ሲሻገር መንገዱ ተራውን ይጠብቃል። ወይም ከጎረቤቷ ጋር ጨዋታ የያዘች ሴት አስቡ። ዐይኗ ጀበናው ላይ ነው፤ ቡናው መገንፈሉን የምታውቀው ግን ምድጃው ሲንጫጫ ነው።

የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሸዋል። ሰዎችን በማስመሰያ መኪና እያስነዱ ዐይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታተሉ፤ በኋላም በመንገዱ ዳር የነበሩትን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች አሳዩአቸው። ስልኩን ሳይዙ ሲያወሩ የነበሩት፣ ዐይናቸው በትክክል ካረፈባቸው ሰሌዳዎች እንኳ ብዙዎቹን አላስታወሱም። በ2008 ደግሞ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሰው እየነዳ ንግግር ሲያዳምጥ ቦታንና አቅጣጫን በሚያገናዝበው የአንጎል ክፍል ከመንዳት ጋር የተያያዘው እንቅስቃሴ 37 በመቶ እንደሚቀንስ በአንጎል ምስል አሳዩ። ያውም ማዳመጥ ብቻ ነው፤ መልስ ፍለጋ ሲጨመርበትማ!

ለዚህ ክስተት ባለሙያዎቹ የሰጡት ስም ቃል በቃል ሲተረጎም «ካለማስተዋል የሚመጣ ዕውርነት» ይሆናል። ትርጉሙ አልተመቸኝም፤ ዐይኑ ጤነኛ ነውና። «አየሁት፣ ግን ልብ አላልኩትም» የምንለው ይሻላል።

«ከተሳፋሪ ጋር ማውራትስ?» ትሉ ይሆናል። ጎን የተቀመጠ ሰው መንገዱን ያያል፤ መስቀለኛው ሲጨናነቅ ዝም ይላል፣ «ተጠንቀቅ!» ይላል። ከአዲስ አበባ የደወለው ወንድም ግን ሕፃን መንገድ ስታቋርጥ አያይም፤ ወሬውን ይቀጥላል።

ጉዳዩ በተመራማሪዎች መካከል እንደሚያከራክር አልሸሽግም። ማስመሰያ መኪና እውነተኛ መንገድ አይደለም። በእውነተኛ መኪኖች ካሜራ ገጥመው የተከታተሉ ጥናቶች፣ ቁጥር መምታትና መጻፍ ከማውራት እጅግ የከፉ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ አንዳንዶቹም ስልክ ሳይዙ ማውራት አደጋ ሲያባብስ አላገኙም። በሌላ በኩል በቶሮንቶ 699 አሽከርካሪዎችን አጥንቶ በ1997 የታተመው ሥራ፣ ስልክ በሚነጋገሩበት ሰዓት የመጋጨት ዕድሉ አራት እጥፍ እንደሚደርስና ከእጅ ነጻ የሆነው ስልክ የተሻለ ሆኖ እንዳልታየ አሳይቷል። እኔን የሚያሳምነኝ አንድ ነገር አለ፦ ካሜራ ዐይን የት እንዳለ ይቀርጻል፤ ልብ የት እንዳለ አይቀርጽም።

ከጥር 2021 ጀምሮ በቨርጂኒያ ሕግ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው። ሕጉ ተገቢ ነው። ግን ፖሊስ ሊያይ የሚችለው እጅን ነው፤ የተበተነ ሐሳብን አይደለም። ሕግ ያልከለከለውን ሁሉ ደኅና ነው ብለን አንውሰድ።

ስለዚህ ልጄ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዢና «እየነዳሁ ነው፤ ስቆም እደውላለሁ» ብለሽ ጻፊ። እኛ ደዋዮችም ከሰላምታው በፊት «እየነዳህ ነው?» ብለን እንጠይቅ። አዎ ካለን፣ ስልኩን እንዝጋ።