መድኃኒት የማታዝዘው ዶክተር

ጦር ኃይሎች አካባቢ ለሚኖር ሰው ክራንች ብርቁ አይደለም። ከአያት የሚነሳው ቀላል ባቡር መጨረሻው እዚሁ ነው። ከባቡሩ ከሚወርደው ሕዝብ መካከል አንዱ በክራንች፣ አንዱ በሰው ሠራሽ እግር፣ ሌላው በልጁ ትከሻ ተደግፎ ይራመዳል። አንዳንዱ ወደ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ያቀናል፤ ሌላው ታክሲ ይዞ ወደ ዘነበወርቅ፣ ወደ አለርት ይሄዳል። እኔም በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህንን መንገድ በየቀኑ አያለሁ።

በሥራ ዘመኔ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ቁስል ስለዳነ ብቻ ሰው ዳነ እንደማይባል ነው። አንድ ሹፌር ትዝ ይለኛል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ሰው ሠራሽ እግር ተሠርቶለት ወደ ቤቱ ገባ። ከስድስት ወር በኋላ ልጠይቀው ስሄድ እግሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ተቀምጧል። ደጅ አይወጣም። ሚስቱ እንጀራ እየሸጠች ታስተዳድረዋለች። «ከእንግዲህ ምን ሥራ እሠራለሁ ብዬ ነው የምለብሰው?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መድኃኒት በእኛ ፋርማሲ አልነበረም።

ይህንን ጥያቄ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሙያ ግን በዓለም ላይ አለ። የተሃድሶ ምክር አገልግሎት ይባላል። አማካሪው ጉዳት የደረሰበትን ሰው ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እንደሚፈልግ ይጠይቃል። ከአሠሪው ጋር ይነጋገራል፣ የሥራ ቦታው እንዲመቻች ያደርጋል፣ ቤተሰቡንም ያዘጋጃል። አሜሪካኖች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ጉዳት የደረሰባቸው ሲቪሎች ወደ ሥራ የሚመለሱበትን ሕግ አወጡ። በ1954 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን አማካሪዎች እንዲያሠለጥኑ መንግሥት ገንዘብ መደበ። አማካሪ ሲበዛ አማካሪዎቹን የሚያስተምር መምህር አስፈለገ። የዶክትሬት ትምህርቱ የሚያፈራው ይህንን መምህር ነው።

ይህንን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ ሰሞኑን ቡና ላይ «ሲስተር፣ እስቲ ያስረዱኝ» አለችኝ። ልጇ በሳይኮሎጂ ማስተርስ አላት። አሁን ውጭ አገር ሄጄ በዚህ ሙያ ዶክትሬት ልማር ብላ ተነስታለች።

«ዶክተር ስትሆን መድኃኒት ታዛለች?»

«አታዝም።»

«ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ልትማር ነው?»

ጥያቄዋ ከአንጀቷ ነበር። ባለቤቷ ከሁለት ዓመት በፊት በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው ደክሟል፤ ንግግራቸውም ተጎትቷል። የሚያጥባቸው፣ የሚያለብሳቸው፣ እንቅስቃሴ የሚያሠራቸው ይቺው ልጅ ናት። ሙያውንም የወደደችው በአባቷ ምክንያት ነው። «ለሰው አባት ልትማር የራሷን ጥላ ልትሄድ ነው» አለች እናት። ልጅቱ ደግሞ «እዚህ ብቀር የምረዳው አባዬን ብቻ ነው» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

በመጀመሪያ ትምህርቱን አስረዳኋት። በአሜሪካ ካክረፕ የተባለው ዕውቅና ሰጪ ተቋም ከዶክትሬት ተማሪ አምስት ነገር ይጠብቃል፦ የምክር ሥራን በጥልቀት ማወቅ፣ ጀማሪ አማካሪዎችን መከታተል፣ ማስተማር፣ ምርምር፣ እንዲሁም አመራርና ጥብቅና። ከማስተርስ በኋላ ባብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳል፤ በዚህ ውስጥ የ600 ሰዓት የተግባር ልምምድ አለ። እንዲህ ያለ መምህር አንድ በሽተኛ አይደለም የሚደርስለት። በየዓመቱ የሚያስመርቃቸው ተማሪዎች በየሆስፒታሉና በየወረዳው ይበተናሉ።

አገራችንም ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። ከሰፈራችን ብዙም የማይርቀው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ከስሙ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ነበር። ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ባለሙያዎች የሥጋ ደዌ ሕክምና ኪኒን በመስጠት ብቻ እንደማያበቃ አስተምሯል። የተጎዳውን እጅ በቀዶ ሕክምና ማስተካከልና ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ መሥራትም የሕክምናው አካል ነበር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳተኝነትና በተሃድሶ ላይ ያተኮረ ትብብር ጀምሯል። በዚህም መምህራኑ ካናዳ ሄደው እስከ ዶክትሬት የሚማሩበት ዕድል ተከፍቷል።

ሕጉም አለን። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 26 ስለ ተሃድሶ ይናገራል። ሕግ ግን አልጋ ድረስ መጥቶ ሰው አያነሳም። በሕጉና በሰውየው መካከል የሚቆም ባለሙያ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ ጎረቤቴን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «እሳቸውንስ ጠየቃችኋቸው?» ዝም አለች። እናትና ልጅ ወር ሙሉ ሲከራከሩ ሰውየው እዚያው ክፍል ውስጥ አሉ፤ የጠየቃቸው ግን የለም። ንግግር ስለሚያስቸግራቸው ሐሳብም የሌላቸው መስሎ ነበር።

በማግሥቱ አብረን ጠየቅናቸው። ጊዜ ወሰደባቸው። እኛም ቃሉን ሳንቀማቸው ጠበቅን። «ትሂድ» አሉ። ቆይተው ደግሞ በግራ እጃቸው ወደ ውጭ እያመለከቱ «እኔ... ሱቅ» አሉ። ታመው ቤት እስኪውሉ ድረስ የሚሠሩበትን ሱቅ ያከራዩት ያላቸውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ነበር። የኪራይ ዘመኑ ሲያልቅ ከወንድ ልጃቸው ጋር ቀን ቀን ሱቅ ሊውሉ ተስማሙ፤ የግራ እጃቸው ሒሳብ መቀበል አያቅተውም። የጠዋቱን ማጠብና ማልበስ ማን እንደሚረከብ ግን ገና አልተቆረጠም። እሱ ሳይቆረጥ ልጅቱ ትኬት አትቆርጥም።

በልጃችሁ ወይም በልጅ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጣባችሁ የምመክረው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ በጽሑፍ ጠይቁ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለተሃድሶ አማካሪነት ትምህርት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው፤ ለተረዱበት ለእያንዳንዱ ዓመትም ሁለት ዓመት ማገልገል ግዴታ አለበት። ከዚህ ለሚሄድ ልጅ የተለመደው መንገድ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት መሥራት ነው። የትምህርት ክፍያው መነሳቱና የወር አበሉ ስንት እንደሆነ በመቀበያ ደብዳቤው ላይ መጻፉን አረጋግጡ። «እኔ አስገባላችኋለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ትምህርት ክፍሉ የማን ዕውቅና እንዳለው ጠይቁት።

ቀጥሎ ልጁ ከመሄዱ በፊት የእንክብካቤውን ሥራ በስም በስም አከፋፍሉ። «ሁላችንም እናግዛለን» ከተባለ መጨረሻ ላይ የሚያግዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። በተለይ ሸክሙ ሁሉ በሴት ልጅ ላይ እንዳይወድቅ።

ሦስተኛው ዶክትሬትም ሲስተርም አይጠይቅም። ቤታችሁ ውስጥ በስትሮክ፣ በአደጋ ወይም በጦርነት የተጎዳ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ጠይቁት። ምስር መልቀም ቢሆን፣ ሱቅ መቀመጥ ቢሆን፣ የልጅ ልጅን ፊደል ማስቆጠር ቢሆን ስጡት። መልሱ ቢዘገይም ጠብቁት፤ ቃሉን እናንተ አትጨርሱለት።