«በሪሞት ልግባ» ሲባል፦ የአድሚን ፈቃድ እንዴት ይሠራል?

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ የምትርቀው 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መንገዱ ግን ከሐይቆቹ አካባቢ ሞቃት ሜዳ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ወዳለው ብርዳማ ደጋ የሚወጣ ዳገት ነው። ካምባ ከዚያም ይርቃል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ከዋናው ግቢ ሌላ አባያ፣ ኩልፎ፣ ጫሞና ነጭ ሳር የሚባሉ ግቢዎች አሉት፤ የሳውላው ግቢ ጭራሹን ጎፋ ዞን ውስጥ ነው። ፕሪንተር እምቢ ባለ ቁጥር የአይቲ ባለሙያ መኪና ይፈለግለት ቢባል ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። «በሪሞት ልግባ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አንዲት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ፓወር ግዕዝ የተባለው የአማርኛ መጻፊያ እንዲጫንላት ጠየቀች እንበል። ኤኒዴስክ የተባለውን ከርቀት መግቢያ ፕሮግራም ትከፍታለች፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር በስልክ ታነብባለች፤ «ፍቀድ» የሚለውን ትጫናለች። ባለሙያው አርባ ምንጭ ተቀምጦ የእሷን ማውዝ ያንቀሳቅሳል። መጫኛውን ፋይል ሲከፍት ግን የእሱ ስክሪን ድንገት ይጠቁራል።

«እህቴ፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ መሰለኝ፤ ምንም አይታየኝም።»

«ኧረ እዚህ ይታያል! አዎ ወይስ አይ እያለ ይጠይቃል።»

የተቋረጠ ነገር የለም። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ሥርዓቱን የሚነካ ሥራ ሲመጣበት ቆም ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን አብዛኛው ሰው ሙሉ መብት ባለው የአድሚን አካውንት ስለሚሠራ፣ በፍላሽ የገባ ቫይረስ ማንም ሳይጠይቀው የፈለገበት ይደርስ ነበር። አዲሱ ጥያቄ የሚታየው ሌሎች ፕሮግራሞች ሊያዩትም ሊጫኑትም በማይችሉበት የተለየ ገጽ ላይ ነው። እንዲያ ባይሆን ቫይረሱ ራሱ ጠይቆ ራሱ «አዎ» ይል ነበር። ሳይጫን እንዲሁ የተከፈተ ኤኒዴስክም በዊንዶውስ ዓይን ከሌሎቹ ፕሮግራሞች አይለይም፤ ስለዚህ ጥያቄው እስኪመለስ ድረስ ባለሙያው አያይም።

ይህን ለማለፍ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ማሽኑ ፊት ያለው ሰው ራሱ «አዎ» እንዲል ማድረግ ነው። ይህ የሚሠራው አካውንቱ የአድሚን መብት ካለው ነው። ከሌለው ፓስወርድ ይጠየቃል፤ ባለሙያውም ቸኩሎ ፓስወርዱን በስልክ ይናገራል። በስልክ የተነገረ ፓስወርድ ደግሞ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል።

ሁለተኛው፣ ባለሙያው ከፍ ያለ ፈቃድ እንዲሰጠው በራሱ በኤኒዴስክ በኩል መጠየቅ ነው። የአድሚኑን ስምና ፓስወርድ ከርቀት ይልካል፤ ከተፈቀደለት በኋላ እነዚያ የጠቆሩ መስኮቶች ይታዩታል። ጸሐፊዋ ፓስወርዱን አትሰማም።

ሦስተኛው፣ ፕሮግራሙን ማሽኑ ላይ በቋሚነት መጫን ነው። እንዲህ ሲሆን ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይነሣል፤ ቋሚ ፓስወርድ ከተሰጠው ደግሞ ማንም ወንበሩ ላይ ሳይኖር መግባት ይቻላል። ለሰርቨር ይመቻል፤ የደመወዝ መዝገብ ላለበት ተራ ኮምፒውተር ግን ቤትን ሳይቆልፉ ገበያ እንደመሄድ ነው።

ጥያቄው ሰለቸን ብለው ጨርሶ የሚያጠፉትም አሉ። ይህ ግን ወደ ኤክስፒ ዘመን መመለስ ነው።

ከርቀት የመግባት አደጋ በዓለም ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ካሴያ በተባለ ኩባንያ የርቀት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በኩል የገቡ ወንጀለኞች፣ ከፍተኛ መብቱን ተጠቅመው እስከ 1,500 የሚገመቱ ድርጅቶችን ፋይል ቆለፉ። በ2024 ደግሞ ማይክሮሶፍት፣ አጭበርባሪዎች የድጋፍ ሠራተኛ መስለው እየደወሉ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ኩዊክ አሲስት እንደሚገቡ አስጠንቅቋል። ሰብሮ መግባት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ባለቤቱ ራሱ ፈቅዶላቸዋል።

ሌላው ደካማ ጎን የአንድ ፓስወርድ ልማድ ነው። ሃያ ኮምፒውተር አንድ ዓይነት የአድሚን ፓስወርድ ካለው፣ ከመካከላቸው አንዱ የተተየበውን ሁሉ የሚመዘግብ ሰላይ ፕሮግራም ቢይዘው ሃያውም ተከፈተ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ላፕስ የተባለውን መሣሪያ ያወጣው ለዚህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለያየ ፓስወርድ ሰጥቶ በየጊዜው ይቀይራል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ ሕግ አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የሚቀጣው ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ አይደለም፤ ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የሄደውንም ይጨምራል። ፓወር ግዕዝ ሊጭን የገባ ባለሙያ በዚያው የደመወዝ ፋይል ቢከፍት «ፓስወርዱ አለኝ» ማለቱ መልስ አይሆነውም። ስለዚህ ጠንቃቃ የአይቲ ክፍሎች ምን እንዲሠራ እንደተጠየቀ፣ ማን እንደፈቀደ፣ በስንት ሰዓት ተገብቶ በስንት ሰዓት እንደተወጣ ይመዘግባሉ፤ በአድሚን መብት የተከፈተውን መስኮት ሁሉ ሳይዘጉም ስልኩን አይዘጉም።