ማሲንቆህን ይዘህ ሂድ፤ በሬውን ግን አትሽጥ!

የወንድና የሴቱን የፍቅር ጣጣ ለሳምንት እናቆየውና ዛሬ ስለ ሌላ ዓይነት ፍቅር እናውጋ። ሙዚቃ አፍቅሮ አገሩን ጥሎ ሊሄድ ስለተነሳ ልጅ ነው ነገሩ። "እዚሁ ተረስቼ ልቅር ወይስ አዲስ አበባ ገብቼ ስም ላውጣ?" የሚለው ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም። ከደሴም፣ ከጎንደርም፣ ከጅማም የምትጠይቁኝ አላችሁ። ስለዚህ የአንዱን ላጫውታችሁ፤ ለሁላችሁም ይሆናል።

ልጁ የላሊበላ ልጅ ነው። ስሙ ይቆየን። ዕድሜው 22። ማሲንቆ ያስተማረው አጎቱ ነው። ማታ ማታ ጠጅ ቤት ይጫወታል፤ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ አባቱን በእርሻ ያግዛል። ለገና በዓል ላሊበላ በሄድኩ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ምን ልበላችሁ! አምባሰል ሲጫወት ብርሌው አፍ ሳይደርስ እጅ ላይ ይቀራል።

"አዲስ አበባ ልገባ ነው" አለኝ።

"በምን ብር?" አልኩት።

"አባዬ አንዱን በሬ ይሸጥልኛል።"

እንዴ! እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለእኛ ለከተማ ልጆች በሬ ማለት የበዓል ቅርጫ ነው። ለላስታ ገበሬ ግን በሬ ማለት ጓዳው ነው። የልጁ አባት ያላቸው አንድ ጥማድ ነው፤ ሁለት በሬ ማለት ነው። አንዱ ከተሸጠ እንደሳቸው ባለ አንድ በሬ የሆነ ጎረቤት ፈልገው መቀናጀት ሊኖርባቸው ነው። ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው። ዝናቡ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። ያልታረሰ ማሳ ላይ ገብስ አይበቅልም። ቤት ውስጥ የልጁ ሁለት ትንንሽ እህቶች አሉ። እንግዲህ የልጁ ዘፋኝነት በማን እንጀራ ላይ እንደተቀመጠ አያችሁልኝ?

ፍረዱ ካላችሁ ግን ልጁንም አልፈርድበትም። ላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ይዛ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ ጠጅ ቤቱ፣ አዝማሪው፣ ሁሉም ከእንግዳ እጅ ነበር የሚበላው። ከዚያ በ2012 ኮሮና መጣና እንግዳው ተቋረጠ። በ2013 ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። እሱ አለፈ ሲባል ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መንገዱን ዘጋው፣ ከፈተው፣ መልሶ ዘጋው። እንግዳ ሲጠፋ ሽልማት ይጠፋል። የልጁ አጎት "ሁሉም ያልፋል" ይሉታል። እሱ ደግሞ "እስኪያልፍ እኔ ልለፍ እንዴ?" ይላል። መልስ ያለው ይመልስለት!

ደግሞስ ከተማ ስም እንደሚሠራ ማን ይክዳል? አያሌው መስፍንን ውሰዱ። የሰሜን ወሎ ልጅ ነው፤ የወልዲያ። አዲስ አበባ ገባ፣ ጥቁር አንበሳ ከሚባለው ባንዱ ጋር ዘፈኖቹን በሸክላ አሳተመ፣ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፈተ። ሥራዎቹ ከ40 ዓመት በኋላ ውጭ አገር እንደገና እየታተሙ ተሰምተዋል። ወልዲያ ቁጭ ብሎ ቢሆን ያን ሸክላ ማን ያትምለት ነበር? ስቱዲዮው፣ አቀናባሪው፣ ቴሌቪዥኑ አዲስ አበባ ነው። ማሲንቆና ክራር በትምህርት ደረጃ የሚሰጥበት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ያለው እዚያው ነው።

ግን የአዲስ አበባ ነገር ሁለት ፊት አለው። ከላስታ የመጣ አንድ ሌላ ልጅ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ከገባ 4 ዓመት ሞላው፤ በአንድ አዝማሪ ቤት ይሠራል። ከ3 ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል። ደመወዝ ብሎ ነገር የለም፤ ያለው ሽልማት ነው፣ እሱም ለዘፋኞቹ፣ ለተወዛዋዡ፣ ለቤቱ ይከፈላል። እንግዳው ሞቅ ሲለው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ ይቀበላል። "የማይሆን ግጥም ቢሆንስ?" ብለው "ብሩ ያው ብር ነው" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ያለኝ ግን አላሳቀኝም፦ "እዚህ የምጫወተው እዚያ የተማርኩትን ነው። 4 ዓመት ሙሉ ምንም አልጨመርኩበትም። የሚጠየቀው ያው አንድ ዓይነት ዘፈን ነው።"

"ታዲያ ለምን አገርህ ደርሰህ አትመጣም?" ብለው፣ "ባዶ እጄን?" አለኝ። ይኸውላችሁ! ብዙውን ልጅ አዲስ አበባ አስሮ የሚያስቀረው ሥራው ሳይሆን ሐፍረቱ ነው።

ቤቶቹም ቢሆኑ ዘላለማዊ አይደሉም። ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቿ የታወቀች ሰፈር ነበረች። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በሽልማት ብር ጀምሮ ለዓለም ያስተዋወቀው ፈንዲቃ እዚያ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ከቦታው ተነሳ። ያን ያህል ስም ያለው ቤት እንዲህ ከሆነ፣ ስም የሌለው ልጅ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ደግሞ ሦስተኛዋን ስሙልኝ። እሷም የወሎ ልጅ ናት፤ ድምፃዊት። ደሴ ከርማ ሰርግ ላይ እየሠራች ስም አወጣች። ከዚያ አዲስ አበባን በወቅት ያዘቻት። ጥር ላይ ትመጣለች፣ አክስቷ ቤት ታርፋለች፣ ሰርጉን ትሠራለች፣ ትመለሳለች። ከፋሲካ በኋላ እንደገና። አምና ምን ገዛች መሰላችሁ? ለእናቷ ጊደር! አንዱ ለዘፈን በሬ ሊያሸጥ ይነሳል፣ አንዷ በዘፈን ጊደር ትገዛለች። ድምፃቸውን ካላችሁኝ ብዙ አይበላለጡም። እሷ መሄጃዋንም መመለሻዋንም ታውቀዋለች።

ነገሩ ከታሰበበት ይሄ አዲስ ዘዴ አይደለም። አዝማሪ መቼ አንድ ቦታ ተቀምጦ ያውቃል? ከሰርግ ሰርግ፣ ከገበያ ገበያ ሲዞር የኖረ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከበራችን ላይ ቆመው የሚያዜሙትን "ላሊበሎች" አታውቋቸውም? ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። ካላዜሙ ቁምጥና ይይዛቸዋል የሚለው የድሮ እምነት እውነት ይሁን አይሁን እሱን እንተወው፤ ዜማ ይዞ መዞር ግን አስፋልት ሳይዘረጋ የነበረ ነው። የዛሬው ልጅ ያመጣው አዲስ ነገር ቢኖር ሄዶ አለመመለስ ነው።

ከአፍሪካም አንድ ልጨምር። የማሊው ጊታሪስት አሊ ፋርካ ቱሬ ባማኮ ገብቶ በሬዲዮ ማሊ ሠርቷል። ኋላ ግን ኒያፉንኬ ወደምትባለው ትንሽ ከተማው ተመልሶ እርሻውን ያዘ። ከአሜሪካዊው ራይ ኩደር ጋር በሠራው አልበም እ.ኤ.አ. በ1995 ግራሚ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አልበሙ ሲቀረፅ እሱ አልሄደም፤ ቀራጮቹ መሣሪያቸውን ተሸክመው እሱ ጋ መጡ። መጀመሪያ ግን ወጣ ብሎ ነበር፤ ልብ በሉ።

እንግዲህ ለላሊበላው ልጅ ያልኩትን ለእናንተም ልበላችሁ።

1ኛ. በሬው ይቅር! የሚያርስ ነገር አይሸጥም። ከሽልማት ላይ የ3 ወር የቤት ኪራይና የምግብ፣ እንዲሁም የመመለሻ ትራንስፖርት አጠራቅም። የመመለሻው ብር አይነካም፤ እናትህ ጋ አስቀምጠው።

2ኛ. ወቅት ምረጥ። በሁዳዴ መግቢያ አዲስ አበባ የሚገባ አዝማሪ 55 ቀን ሊፆም ነው፣ የምሩን! ሰርግ የለም፣ ቤቶቹም ይቀዘቅዛሉ። ጥርን ወይም ከፋሲካ በኋላ ያለውን ጊዜ ያዝ።

3ኛ. ሞልተህ ሂድ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች ከወሎ ስም ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ባቲና አምባሰልማ የአገሩ ስም ናቸው። አጎትህ የሚያውቁትን ግጥምና ዜማ ሁሉ በስልክህ ቅረፅ። አዲስ አበባ ማሲንቆ ሞልቷል፤ የላስታ ሽማግሌ የሚያውቀው ዜማ ግን አልሞላም። እንጀራህ እሱ ነው።

4ኛ. ደረጃ በደረጃ ውጣ። ከላሊበላ ቀጥታ ሸገር ምን አስቸኮለህ? ወልዲያ አለ፣ ደሴ አለ፣ ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ማሪቱ ለገሰ ሕዝብ ፊት የቆመችው በደሴው ወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮች ሳትጠይቅ ግን እንዳትነሳ።

5ኛ. ወረቀት ሳታነብ አትፈርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለ፤ ለተጫዋችም መብት ይሰጣል። "እንቅረፅህና ዩቲዩብ ላይ እንልቀቅልህ" የሚልህ ሰው ገቢው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጻፍልህ። ማንበብ ቢከብድህ የሚያነብልህ ዘመድ ይዘህ ሂድ።

6ኛ. ቀን ቁረጥ። "አንድ ዓመት" በል። ዓመቱ ሲሞላ ካልሆነ ተመለስ። መንደርተኛው "ተመልሶ መጣ" ብሎ አንድ ሳምንት ያማል፤ ከዚያ ሌላ ሰው ያገኛል።

እህቶቼ፣ ለእናንተ አንድ ተጨማሪ አለኝ። ቤት ከመግባታችሁ በፊት "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማን ይሸኘኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ቤት ሥራ አይደለም። ብቻችሁንም አትምጡ፤ ከጓደኛ ወይም ከዘመድ ጋር ኑ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "አባዬ ግን በሬውን እሸጣለሁ ያሉት ወደው ነው። እምቢ ብላቸው አይከፋቸውም?" እኔም የሚከፋቸው ይመስለኛል አልኩት። ለአንድ ቀን። በሐምሌ ጎረቤት በሬ ሲለምኑ የሚከፋቸው ግን ለዓመት ነው።

እናንተ አዲስ አበቤዎችም አደራ አለባችሁ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ "ተቀበል" ስትሉ ያ ልጅ የማን በሬ ተሸጦለት እንደመጣ አታውቁም። ካሽ ከሌላችሁ ቴሌብር አለ! ደግሞ ሁልጊዜ ያችኑ ዘፈን ከምትጠይቁት "የአገርህን ተጫወትልኝ" በሉት። ያኔ እሱም አገሩን አይረሳም።

ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት!