ቋንቋው የባዕድ፣ ጭንቀቱ የእኛ

«ጥሩ ፊልም ጠቁመኝ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። የጣልያን፣ የኢራን ወይም የጃፓን ፊልም ስጠራላቸው ግን ፊታቸው ይቀዘቅዛል። አልፈርድባቸውም። የጃፓን ፊልም የሚያይ እንግሊዛዊ ከግርጌ የሚያነበው የገዛ ቋንቋውን ነው። እኛ ግን ጃፓንኛ እየሰማን እንግሊዝኛ እናነባለን፤ ሁለት የሰው አገር ቋንቋ በአንድ ጊዜ። ጽሑፉም አንብበን እስክንጨርስ አይጠብቀንም።

ይህን ችግር በደንብ የማውቀው ከእናቴ ጋር ፊልም ስለማይ ነው። እሷ እንግሊዝኛ አታነብም፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ከስክሪኑ ላይ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራታለሁ። ይህ ልማድ የፊልም ምርጫዬን ቀርጾታል። ሰዎች ተቀምጠው ሲከራከሩ የሚያልቅ ፊልም ሁለታችንንም ያደክመናል። ታሪኩ ዓይን በሚያየው ነገር ላይ ከቆመ ግን፣ ብስክሌት ይሁን፣ ጫማ ይሁን፣ ቁራጭ ወረቀት፣ ግማሹን ሳልነግራት ትቀድመኛለች። ድሮም እሷና እኩዮቿ የህንድን ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ያለ አስተርጓሚ እያዩ አልቅሰው የወጡ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በታች የምጠቁማቸው አምስት ፊልሞች በዚሁ መስፈርት የተመረጡ ናቸው። ሁሉም ከተራ ሰው ቤት ይነሳሉ። ሁሉም ከልጅም ከአዛውንትም ጋር ሊታዩ ይችላሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የብስክሌት ሌቦች፦ ጣልያን፣ 1948

ጀማሪ ተመልካች ከዚህ ይጀምር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ሮም በሥራ ፈላጊ ተሞልታለች። አገራችንን የወረረው የፋሺስት ሥርዓት የገዛ ሕዝቡን ምን ላይ ጥሎት እንደሄደ እዚህ ፊልም ውስጥ ይታያል። አንቶኒዮ ሪቺ ከረጅም ጥበቃ በኋላ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ብስክሌት ከሌለው ግን ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ ብዙ አትናገርም። ከአልጋው ላይ አንሶላዎቹን ትገፍና ጠቅልላ ትወስዳለች፤ አንሶላው ገብቶ ብስክሌቱ ይወጣል። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የማሪያን ጥቅል ተሸክሞ ወደ መደርደሪያው ሲወጣ ካሜራው ይከተለዋል። እስከ ላይ ድረስ የተደረደረው የሌሎች ሰዎች አንሶላ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ምንም አልተረጎምኩም። እናቴ ራሷ «የስንቱ ቤት አልጋ ባዶ ቀረ!» አለች።

ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አባትየውና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ከተማዋን ሲያስሱ ነው። ዳይሬክተሩ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ አንድ አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር «ኬሪ ግራንትን መሪ ተዋናይ አድርገውና ገንዘቡን እኔ እችላለሁ» ቢለው አልተቀበለም፤ የአባትየውን ቦታ የሰጠው ላምቤርቶ ማጆራኒ ለሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ስታዩት የብሩኖን ዓይን ተከተሉ። ልጁ መንገዱን ሁሉ ቀና እያለ የሚያየው አባቱን ነው፤ የፊልሙም ጥያቄ አባት በልጁ ፊት ክብሩን ይዞ መቆየት ይችላል ወይ የሚል ነው። ርዝመቱ 89 ደቂቃ ብቻ ነው።

ፓተር ፓንቻሊ፦ ህንድ፣ 1955

በ1950 ይህን የጣልያን ፊልም ለንደን ላይ ካዩት ሰዎች አንዱ ሳትያጂት ሬይ ነበር፤ በካልካታ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የሥዕል ባለሙያ ነው። ከሲኒማ ቤቱ የወጣው እሱም በዚሁ መንገድ፣ በእውነተኛ መንደርና በማይታወቁ ፊቶች፣ ፊልም ለመሥራት ወስኖ ነው። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ ከዚያ በፊት ፊልም ቀርጾ የማያውቅ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። ገንዘብ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል፤ ሬይ የሚስቱን ጌጣጌጥ እስከማስያዝ ደርሷል። በመጨረሻ የደረሰላቸው የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ነው።

ፊልሙ በቤንጋል ገጠር የሚኖሩ እህትና ወንድም፣ የዱርጋና የአፑ ታሪክ ነው። አባታቸው ቄስ ነው፤ መጻፍ ይወዳል፣ ገቢ ግን የለውም። እናታቸው ባዶ ማሰሮ ይዛ ቤት ታስተዳድራለች። ግቢው ውስጥ አንዲት ጎባጣ ተጧሪ አሮጊት አለች፤ እሷን የተጫወተችው ቹኒባላ ዴቪ ያኔ ሰማንያ ዓመት ገደማ ነበረች። በአንድ ቤት ውስጥ የሚበላው ሲያንስ ደግነትም እንዴት እንደሚያንስ በእናትየውና በአሮጊቷ መካከል ያለው ነገር ያሳያል። ማናቸውንም ግን አያስጠላም።

ሁለቱ ልጆች ነጭ አበባ ባለው ረጅም ሣር ውስጥ ሮጠው ባቡር የሚያዩበትን ቦታ ብዙ የፊልም ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሱታል። ሬይ ያን ሣር አንድ ቀን ቀርጾ ለቀሪው ሲመለስ ከብት ግጦ ጨርሶት ነበር፤ አበባው እስኪያብብ የሚቀጥለውን ወቅት መጠበቅ ግድ ሆነበት። ትዕግሥቱ ፊልሙ ላይ ይታያል። የራቪ ሻንካር ሲታር ደግሞ አንዳንድ ቦታ ላይ የንግግሩን ሥራ ተረክቦ ይሠራል።

የገነት ልጆች፦ ኢራን፣ 1997

ልጆች ያሉት ቤት ይህን ያስቀድም። አሊ የእህቱን የዛህራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ይጠፋበታል። አባታቸው ሌላ የሚገዛበት አቅም እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነገሩን ይደብቃሉ። አባትየው እንዳይሰማ አጠገቡ ተቀምጠው በደብተራቸው ላይ እየጻፉ ይመካከራሉ። መፍትሔያቸው ፈረቃ ነው፦ ጠዋት እሷ የእሱን ሸራ ጫማ አድርጋ ትማራለች፤ ትምህርቷ እንዳለቀ እየሮጠች መጥታ ጠባቧ መንገድ ላይ ትለዋወጠዋለች፤ እሱም እየሮጠ ወደ ከሰዓቱ ትምህርት ይሄዳል። በፈረቃ የተማረ ኢትዮጵያዊ ይህን ሩጫ በእግሩ ያስታውሰዋል።

ከዚያ የሩጫ ውድድር ይመጣል፤ የሦስተኛው ሽልማት ጫማ ነው። አሊ አንደኛ መውጣት አይፈልግም። በሩጫ አገር ያደግን ሰዎች አንድ ልጅ ሦስተኛ እንዲወጣ ትንፋሻችንን ይዘን ስንጸልይ ራሳችንን እናገኛለን። ዳይሬክተሩ ማጂድ ማጂዲ ስለ ድሆች ጨዋነት የሚናገረው በትንንሽ ነገር ነው። አባትየው ለመስጊድ የሚሆን ስኳር ይሰብራል፤ ፊት ለፊቱ ክምር ስኳር አለ። ሻይ ሲቀርብለት ግን ስኳር ከጓዳ እንዲመጣለት ይጠይቃል፤ የመስጊዱ የእሱ አይደለማ። ይህን ከልጆቻችን ጋር ማየት ስለ ታማኝነት ከምንሰጣቸው ረጅም ምክር ይበልጣል።

ማንዳቢ፦ ሴኔጋል፣ 1968

ኡስማን ሴምቤን በማርሴይ ወደብ በጫኝነትና አውራጅነት የሠራ፣ በኋላ በፈረንሳይኛ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። የሚጽፍለት ሕዝብ ፈረንሳይኛ እንደማያነብ ስለሚያውቅ ወደ ፊልም ዞረ፤ ማንዳቢንም በአገሩ ሰዎች ቋንቋ፣ በወሎፍ ሠራው።

ኢብራሂማ ዲዬንግ ሁለት ሚስቶችና ሰባት ልጆች ያሉት፣ ሥራ የሌለው ሰው ነው። ፓሪስ መንገድ የሚጠርግ የእህቱ ልጅ 25,000 ፍራንክ በፖስታ ሐዋላ ይልካል። አብዛኛው እንዲቀመጥለት ነው፤ ለዲዬንግ የሚደርሰው 2,000 ብቻ ነው። ወሬው ግን ከገንዘቡ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል። ባለሱቁ በዱቤ ሩዝ ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ብድር ይጠይቃል። ፖስታ ቤቱ ደግሞ «መታወቂያ አምጣ» ይላል። መታወቂያ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶና ቴምብር ይፈልጋል፤ ለምስክር ወረቀቱ የተወለደበት ቀን መታወቅ አለበት። በቀበሌ ደጃፍ «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው ለዚህ ፊልም አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ውጭ አገር ሆነው ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩ ወገኖቻችንም ቢያዩት እወዳለሁ፤ አንድ የተላከ ገንዘብ ገና ሳይደርስ ስንት እጅ እንደሚዘረጋበት፣ ተቀባዩም ምን ያህል ሊጨነቅ እንደሚችል ያሳያቸዋል።

የቶኪዮ ታሪክ፦ ጃፓን፣ 1953

ይህን ከሁሉ በኋላ እዩት። ከሁለት ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ንግግሩም ከሌሎቹ ይበዛል። ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ኦኖሚቺ ከምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ተነስተው ቶኪዮ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። አንዱ ልጅ ሐኪም ነው፣ አንዷ የፀጉር ቤት አላት፤ ክፉዎች አይደሉም፣ ጊዜ ግን የላቸውም። ወላጆቹን ጭራሽ አታሚ ወደሚባል ፍል ውሃ ይልኳቸዋል፤ እዚያም የሌሊቱ ጭፈራ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከተማውን የምታሳያቸው በጦርነቱ የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ናት።

ዳይሬክተሩ ያሱጂሮ ኦዙ ካሜራውን መሬት ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ዝቅ አድርጎ ያቆመዋል፤ ተመልካቹ እዚያው ምንጣፉ ላይ አብሯቸው የተቀመጠ እንግዳ ይሆናል። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ሄደው፣ ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ቀኑን በመስኮት ሲመለከቱ የዋሉ ወላጆች በመካከላችን አሉ። ይህ ፊልም የእነሱ ነው፤ ደክሟቸው የሚገቡት ልጆችም ነው።

እንዴት እንያቸው?

ከ2016 ወዲህ በቃና ቴሌቪዥን አማካይነት በአማርኛ የተቀዱ የውጭ ድራማዎችን ማየት ለምደናል፤ ለብዙ ቤተሰብ በር ከፍቷል። እነዚህን ፊልሞች ግን በራሳቸው ድምፅ እንድታዩ እመክራለሁ። የብሩኖ ለቅሶ፣ የአሮጊቷ የተሰበረ ድምፅ የትወናው አካል ነው፤ በሌላ ሰው ድምፅ ሲተካ ብዙው ይቀራል።

ማንበቡ እንዳይከብድ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለሁሉም ንገሩ። አንድ ሰው አንባቢ ይሁን። እሱም ቃል በቃል አይከተል፤ አንድ ሙሉ ሐሳብ ሲያልቅ በአጭሩ ይንገር፤ ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ዝም ይበል። ካስፈለገ አቁሙትና ተነጋገሩ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ስልካችሁን ራቅ አድርጋችሁ ብትታገሡ ጆሯችሁ ከባዕዱ ቋንቋ ጋር ይለማመዳል።

አንዱን ከወደዳችሁ የዳይሬክተሩን ስም ይዛችሁ ቀጥሉ። ከፓተር ፓንቻሊ በኋላ አፑ የሚያድግባቸው ሁለት ፊልሞች አሉ፤ በ1956 እና በ1959 የተሠሩ ናቸው። ከማንዳቢ ወደ ሴምቤን የ1966 ሥራ መሄድ ይቻላል፤ ዲዋና የምትባል የዳካር ወጣት ልጅ ልትጠብቅ ፈረንሳይ ሄዳ በአሠሪዎቿ ቤት ተዘግቶባት ምግብ ስታበስልና ስታጸዳ ያሳያል። አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ እህቶቹን ወደ ሪያድና ዱባይ ለሸኘ ቤተሰብ ግን ከባድ ስለሆነ ከልጆች ጋር አይታይ።

በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ አማርኛ አይሰሙም ነበር። የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የአንበርብርን መከራ የተከተሉት የእኛን ቋንቋ እየሰሙ የግርጌውን ጽሑፍ በማንበብ ነው። ለታሪካችን ያን ያህል ትዕግሥት ያደረጉ ሰዎች ካሉ፣ እኛም የሮሙን አባትና የዳካሩን አባወራ ለማወቅ አንድ ምሽት ልንሰጥ ይገባናል። በመጪው ቅዳሜ በብስክሌቱ ጀምሩ።