በመኪና ቤት ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ

በአሜሪካ አገር ብዙ ቤተሰቦች መኝታ፣ ማድቤትና መታጠቢያ ባለው መኪና ይጓዛሉ። በእንዲህ ያለው ቤት ቧንቧ ማንጠባጠቡ ከከተማ ቤት ይልቅ ይከፋል፤ ውሃውን የሚገፋው ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ነውና። ጠብታው ግፊቱን በቀነሰ ቍጥር ፓምፑ ሌሊቱን እየተነሣ ይሠራል፤ ባትሪውም ይደክማል። ከከተማ ርቆ ላደረ ቤተሰብ ይኸ ቀላል ነገር አይደለም፤ ውሃውም ተቈጥሮ የሚጠጣ ነው።

ጠጋኙ አስቀድሞ ፓምፑን ያጥፋ፤ መኪናው ከውጭ ውሃ ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነም ያንን ይዝጋ፤ ከዚያ በኋላ ቧንቧውን ከፍቶ የቀረውን ግፊት ያስወጣ። ያለቀው ጎሚኒው ብቻ ከሆነ እርሱን መለወጥ ይበቃል። በብርድ ወራት ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ አካሉን ሰንጥቆት እንደ ሆነ ግን ሌላ መግዛት ይሻላል። ክብደት እንዳይበዛ ብዙዎቹ በፕላስቲክ የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ማሰሪያው በእጅ ይጥበቅ እንጂ በመፍቻ አይታገሉት። ፓምፑ ከተነሣ በኋላ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት ቢነጠፍ፣ ትንሿ ጠብታ እንኳ ትታያለች።