ድንጋዩ ሲነቃነቅ አይቼ ዝም አልኩ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ድንጋይ ነው። «ደግሞ ስለ ድንጋይ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ! ድንጋይ የሦስት ወር ደመወዜን በልቶብኛል፤ የአንዲት ሕፃን ዕንባም አሳይቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ አክስቴ ወደምትኖርበት ዱባይ ተሻገርኩ። ሥራ ያገኘሁት በየሰዉ ቤት እየዞረ የባሕር ውኃ አኳሪየም የሚሠራና የሚያጸዳ ሱቅ ውስጥ ነው። የተለመደውን ዓሣ የሚዋኝበትን የመስታወት ሣጥን ታውቁታላችሁ። ይሄ ግን ሌላ ነው! በአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይገባበታል፤ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ አካባቢ ይጠበቃል፤ ውስጡ ደግሞ ሕይወት ያለው ኮራል ያድጋል። ኮራሉ የሚቀመጠው በድንጋይ ክምር ላይ ነው። ድንጋዩ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ በየቀዳዳው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የዓሣው ቆሻሻ መርዝ እንዳይሆን ይለውጡታል። አያችሁ? ድንጋዩ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሣጥኑ ኩላሊት ነው።

አምሮ የቆመው ድልድይ

አንድ ቀን 400 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ብቻዬን እንድሠራ ተላክሁ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! መጀመሪያ አሸዋውን አፈሰስኩ። በአሸዋው ላይ ድንጋዩን ደረደርኩ፤ ከላይ እንደ ድልድይ የሚያምር ቅስት ሠራሁ። መጋጠሚያው ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ ጠብ አደረግሁ። የቤቱ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ሕፃን፣ አጨበጨበችልኝ። ከመውጣቴ በፊት ቅስቱን በጣቴ ነካ ሳደርገው… ትንሽ ተነቃነቀ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አይቻለሁ። ሰው ልጠራ ብል «አልቻለም» እንዳይሉኝ ፈራሁ። «ግዴለም፣ ይረጋል» ብዬ ራሴን ሸንግዬ ወጣሁ።

ሳምንታት አልፈው ውኃው ሲደርስ ዓሣዎቹ ገቡ። ከነሱ መካከል ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣ ነበር። ይህ ዓይነቱ ጎቢ ከአንድ ዓይነት ሽሪምፕ ጋር ጎጆ ይጋራል፦ ሽሪምፑ አሸዋውን እየቆፈረ ጉድጓድ ይሠራል፣ ዓሣው በር ይጠብቃል። ታዲያ ሁለቱ ተባብረው የእኔን መሠረት ከሥር ይቦረቡሩት ኖሯል! ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ስንደርስ ቅስቱ ወድቆ የፊቱን መስታወት ሰንጥቆታል። ውኃው ምንጣፉ ላይ ነው። ሕፃኗ ስም ያወጣችላቸው ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎች ሞተዋል። «አንተ አይደለህም እንዴ የሠራኸው?» አለችኝ እያለቀሰች። መልስ አልነበረኝም።

አሠሪዬ የሦስት ወር ደመወዜን ቆረጠ። ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ቀረ። «ታምሜ ነው» ብዬ ዋሸኋት።

«ማጣበቂያ ምስክር እንጂ ምሰሶ አይደለም»

ሱቁ ውስጥ ምጽዋ ተወልደው ያደጉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ባሕሩን ከልጅነታቸው ያውቁታል።

«ሲነቃነቅ አላየህም?» አሉኝ።

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም ልጄ?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም አልተቆጡኝም፤ ድንጋዮቹን ሰብስበው እንደገና አስተማሩኝ። ያስተማሩኝን እነሆ፦

አንደኛ፣ ድንጋዩ ቀድሞ ወለሉ ላይ ወይም ወለሉ ላይ በተነጠፈ የፕላስቲክ ፍርግርግ ላይ ይቀመጣል፤ አሸዋው የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ የሚቆፍር ቢቆፍርም መሠረቱ አይናድም።

ሁለተኛ፣ ክምሩ ያለ ምንም ማጣበቂያ መቆም አለበት። እያንዳንዱ ድንጋይ ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ይረፍ። ገፋ አድርጉት፤ ከተነቃነቀ አፍርሳችሁ ጀምሩ። ከመስታወቱ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ያህል ይራቅ።

ሦስተኛ፣ ሱፐር ግሉ በእርጥበት ስለሚደርቅ ውኃ ውስጥም ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ተሰባሪ ነው። እንደ ሊጥ የሚታሸው ኢፖክሲ ደግሞ ክፍተት ይሞላል እንጂ እርጥብ ድንጋይ ላይ ብቻውን በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ ወፍራሙ ሱፐር ግሉ፣ መሐሉ ላይ ኢፖክሲ፣ እንደገና ሱፐር ግሉ። በደንብ እስኪጠነክር አንድ ቀን ያህል ታገሡ።

አራተኛ፣ ለትልቅ ቅስት ድንጋዩን በትራፓኖ በስታችሁ የፋይበር ግላስ ወይም የአክሪሊክ ዘንግ አስገቡ። ብረት ይዝጋል፤ መዳብ ደግሞ ሽሪምፑንና ኮራሉን ይገድላል። ሲሚንቶ ከተጠቀማችሁ ለሳምንታት ውኃ እየቀየራችሁ ዘፍዝፉት፤ አለዚያ ውኃውን ያበላሻል።

አምስተኛ፣ ጓንት አድርጉ። አንዳንድ ኮራል ብርቱ መርዝ አለው። ከባሕር የወጣን ድንጋይ ደግሞ በፍጹም አትቀቅሉ፤ እንፋሎቱ ሊመርዝ ይችላል።

«ባሕር ውስጥ» አሉኝ ጋሼ «ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዘው እንደ ኖራ የሚጋገር ሮዝ አልጌ ነው። ዓመታት ይፈጅበታል። አንተ ያን ያህል ጊዜ የለህም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አቁም፣ ከዚያ አጣብቅ። ማጣበቂያ ምስክር እንጂ ምሰሶ አይደለም።»

አዲሱን አኳሪየም አብረን ሠራነው። ሕፃኗ ግን ራቅ ብላ ቆመች። «ይሄስ ይወድቃል?» አለች።

ውኃ ሳይገባበት ጠራኋትና «ነይ፣ ራስሽ ግፊው» አልኳት። በሁለት እጇ ገፋችው። አልተነቃነቀም። ያን ዕለት ማታ እናቴ ጋ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት።

ወዳጆቼ፣ እናንተም የሚነቃነቅ ነገር ስታዩ «ይረጋል» ብላችሁ አትለፉት። ማፈር የአንድ ደቂቃ ነው፤ የእኔ ዝምታ ግን ሦስት ወር አስከፍሎኛል። ቸር እንሰንብት!