የ«ዘጠነኛው ሞገድ» ፊዚክስ

በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ በሚገኘው የሩሲያ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ቁመቱ 221፣ ወርዱ 332 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ሠዓሊው በክሪምያ የወደብ ከተማ በፊዮዶሲያ በ1817 እ.ኤ.አ. ከአርመን ቤተሰብ የተወለደው ኢቫን አይቫዞቭስኪ ሲሆን፣ ሥዕሉን የሠራው በ1850 እ.ኤ.አ. ነው። ሌሊቱን ሲናወጥ ያደረ ባሕር፣ በጭጋግ ውስጥ የምትወጣ ፀሐይ፣ ከተሰበረ መርከብ በተረፈ ምሰሶ ላይ የሙጥኝ ያሉ ጥቂት ሰዎች፣ በእነርሱም አቅጣጫ የሚገሠግሥ ግዙፍ ሞገድ ይታይበታል። ስሙም «ዘጠነኛው ሞገድ» ነው።

ስሙ የመጣው ከቀድሞ መርከበኞች እምነት ነው። ሞገዶች ተከታትለው ሲመጡ እያደጉ ይሄዳሉ፤ ከሁሉም የሚከፋው ዘጠነኛው ነው ይሉ ነበር። የሮማንቲሲዝም ዘመን ሠዓልያን ሰውን በተፈጥሮ ኃይል ፊት አሳንሰው ማሳየት ይወዱ ስለነበር፣ እንዲህ ያለው እምነት ለሥዕላቸው ተስማሚ ርእስ ነበር። እኛ ግን በፊዚክስ ዓይን ስንመለከተው ሌላ ጥያቄ ይነሣብናል። ሞገዶች በእርግጥ በተራ ያድጋሉን? ምሰሶው ላይ ያሉት ሰዎችስ ቆጥረው አደጋውን አስቀድመው ሊያውቁት ይችሉ ነበርን?

ወደዚያ ከማለፋችን በፊት ስለ ብርሃኑ ጥቂት እንበል። ከሥዕሉ ሁሉ ዓይን የሚስበው የሞገዱ አናት አረንጓዴ ሆኖ ብርሃን ማሳለፉ ነው። ከአድማስ ብዙም ከፍ ያላለች ፀሐይ ብርሃን ረጅም የአየር መንገድ ስለሚያቋርጥ፣ አየሩ ሰማያዊውን ክፍል በብዛት ይበትነዋል። ውሃ በበኩሉ ቀዩን ብርሃን ከሌሎቹ ቀለማት አብልጦ ውጦ ያስቀራል። እንግዲህ አየሩ ሰማያዊውን፣ ውሃው ቀዩን ከቀነሱ በኋላ ሳሳ ካለው የሞገድ አናት አልፎ ለዓይናችን የሚደርሰው በአብዛኛው አረንጓዴው ነው። አረፋው ደግሞ ቁጥር ስፍር በሌላቸው ጥቃቅን የአየር ኳሶች የተሞላ በመሆኑ ሁሉንም ቀለማት አንድ ላይ ይበትናልና ነጭ ሆኖ ይታያል። አይቫዞቭስኪ የሚንቀሳቀስን ውሃ ፊት ለፊት እያዩ መሣል አይቻልም የሚል አቋም ስለነበረው ይሠራ የነበረው ከትዝታው ነው፤ ከትዝታ ይህን ያህል ትክክለኛ ብርሃን ማውጣቱ ያስደንቀናል። ስለ ሞገዱ ቅርጽ ግን እንዲህ ለማለት አንደፍርም። በጥልቅ ባሕር ላይ ሞገድ የሚሰበረው ከፍታው የርዝመቱ አንድ ሰባተኛ ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ ያን ጊዜም አረፋው በአብዛኛው ከአናቱ ወደ ታች ይንሸራተታል። ወደ ፊት ታጥፎ የሚጠቀለል አናት ይበልጥ የሚታየው የባሕሩ ወለል ከፍ ባለበት በዳርቻ አጠገብ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንመለስ። አንድ የባሕር ሞገድ ሲያልፍ 10 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ በጥልቅ ውሃ ላይ ርዝመቱ 156 ሜትር፣ ፍጥነቱም በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ረጃጅም ሞገዶች ከአጫጭሮቹ ይፈጥናሉ፤ በውሃው ውስጣዊ ሰበቃ የሚያጡትም ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። ሰማዩ ጠርቶ ባሕሩ ሳይረጋ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥዕሉም ይህንኑ ያሳያል።

ርዝመታቸው የተለያየ ሞገዶች አንድ ቦታ ሲገናኙ ይደራረባሉ። አናት በአናት ላይ ሲያርፍ ይደማመራሉ፤ አናት በስርጉድ ላይ ሲያርፍ ይጠፋፋሉ። ክራር የሚቃኝ ሰው ድምፃቸው እጅግ የተቀራረበ ሁለት ክሮች አንድ ላይ ሲመታ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ሲርገበገብ ይሰማል፤ ነገሩ ያው ነው። አንዱ ሞገድ 10፣ ሌላው 9 ሰከንድ የሚፈጅ ነው እንበል። አናታቸው አንድ ጊዜ ከተገጣጠመ እንደገና የሚገጣጠመው ከ90 ሰከንድ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከመጀመሪያው ዓይነት 9፣ ከሁለተኛው 10 ሞገዶች ያልፋሉ። መርከበኞቹ እውነት አላቸው ያሰኛል! ነገር ግን ሁለተኛው ሞገድ የሚፈጅበትን ጊዜ ወደ 8 ሰከንድ ብናወርደው መገጣጠሙ በየ40 ሰከንዱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈራው አራተኛው ወይም አምስተኛው ነው። የሞገዶች በቡድን መምጣት እውነት ነው፤ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ግን ሕግ አይደለም።

በእውነተኛው ባሕር ላይ ደግሞ የሚደራረቡት ሁለት ብቻ ሳይሆኑ እጅግ ብዙ ናቸውና ቆጠራው ቦታውን ለዕድል ስሌት ይለቃል። ከሁሉም ሞገዶች ከፍተኛ የሆነውን አንድ ሦስተኛ ወስደን አማካይ ከፍታውን መለኪያ እናድርግ። በተለመደው ስሌት መሠረት የዚህን እጥፍ የሚበልጥ ሞገድ የሚመጣው ከ3000 አንድ ጊዜ ያህል ነው። በየ10 ሰከንዱ አንድ ሞገድ ቢያልፍ 3000ው ለማለፍ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃሉ። ይህ የአንድ ሌሊት ያህል ነው። ሆኖም አማካይ ስለሆነ የመጀመሪያው ሞገድ ራሱ ያ ሊሆን ይችላል።

መርከበኞች ስለ እንዲህ ያሉ ሞገዶች የሚያወሩትን ብዙ ሊቃውንት እንደ ማጋነን ይቆጥሩት ነበር። ጥር 1 ቀን 1995 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሰሜን ባሕር ድራውፕነር በተባለው የኖርዌይ የጋዝ መድረክ ላይ የተተከለ የሌዘር መሣሪያ፣ መለኪያው ከፍታ 12 ሜትር ገደማ በነበረበት ወጀብ ውስጥ 25.6 ሜትር የሆነ ሞገድ መዘገበ። በ2019 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድና የኤድንብራ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞገድ በክብ የሙከራ ገንዳ ውስጥ በትንሹ ደግመው ሠርተውታል። የተሳካላቸውም ሁለት የሞገድ ቡድኖችን በ120 ዲግሪ ገደማ አቅጣጫ አስተላልፈው ሲያገናኙ ነው። በዚህ አኳኋን ሲገናኙ ውሃው ወደ ላይ ስለሚፈናጠር፣ መሰበሩ ከፍታውን በአንድ አቅጣጫ እንደሚሄድ ሞገድ አይገድበውም። ምሰሶው ላይ ያሉት የአይቫዞቭስኪ ሰዎች እንግዲህ ፊት ለፊት የሚመጣባቸውን ብቻ ሳይሆን ከጎናቸው የሚመጣውንም ማየት ነበረባቸው።